የመስጂዱ በር ሲዘጋ ሰደቃውስ የት ገባ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በ2012 ረመዷን መስጂዶቻችን ዝግ ነበሩ። ስለዚያ ጊዜ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ተራዊሕን በቤታችን መስገዳችንን፣ ጁሙዓ መናፈቃችንን፣ ዒድን ያለ ጀማዓ ማሳለፋችንን ነው። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ የሚቀልድበት ሰው የለም። ነገር ግን ከዚያ በር ጋር አብሮ የተዘጋ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ብዙም አናነሳውም። ሰደቃው ነው።

እስኪ እናስብ። በከተማ ውስጥ ሙስሊሙ ለሙስሊሙ የሚሰጠው በአብዛኛው የት ነው? ጁሙዓ ከሶላት ሲወጣ በር ላይ ለተቀመጡት ነው። ኢማሙ ከሶላት በኋላ ተነስተው ስለ አንድ የታመመ ወንድም ሲናገሩ፣ ሶፉ መሐል በሚዞረው ጨርቅ ላይ ነው። ረመዷን ሲሆን መስጂዱ ግቢ ውስጥ በሚዘጋጀው ኢፍጣር ነው። ዘካተል ፊጥርም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። እነዚህ ሁሉ ሰው ሲሰበሰብ የሚሠሩ ናቸው። መሰብሰብ በተከለከለ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆሙ። የቆሙትም በጣም በሚፈለጉበት ቀን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰውን «ቤትህ ተቀመጥ» ማለት የሚቻለው፣ ቤቱ ውስጥ የሚበላው ነገር መኖሩ ሲታወቅ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገብ የሚጻፈው በሽታው ከገባ በኋላ ሳይሆን በሰላሙ ጊዜ ነው።

*ያኔ የወጣው ክልከላ ማንን ያዘ? ማንንስ አመለጠው?*

ለማስታወስ ያህል፦ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም የጀማዓ ሶላት እንዲቋረጥ ወሰነ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዘ፤ በአዲስ አበባ ታሪፉም እጥፍ ሆነ።

ሙሉ በሙሉ ቤት መዝጋት ግን አልታወጀም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በወቅቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ብዙ ዜጎች ቤት እንደሌላቸው፣ ቤት ያላቸውም ቢሆኑ የዕለት ጉርሳቸውን ፈልገው የሚያድሩ እንደሆኑ ገልጸው ነበር። ይህን ንግግር ልብ እንበል። በሌላ አነጋገር የክልከላው ጥብቀት የተወሰነው በበሽታው ብቻ አልነበረም። ድሃውን የሚይዘው መረብ ቀጭን ስለሆነ ነው ክልከላውም የላላው። ሀገር የሚያበላው ካለው ሊዘጋ ይችላል፤ የሚያበላው ከሌለው ግን ከበሽታውና ከረሃቡ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

አዋጁ ጥሩ ነገሮችም ነበሩት። አሠሪ ሠራተኛን እንዳያሰናብት፣ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ጥሪ ተላልፎ፣ በከተማችንም በየወረዳው የምግብ ባንክ ተቋቁሞ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ተሰብስቧል። ኪራይ የተዉ አከራዮችም ነበሩ። አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አቃቂ እናምጣው። አቃቂ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የመኪና መንገድ ሰፈር ነው። ከአቃቂ በሰቃ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቃሊቲ ጉምሩክ እስከ ገላን ድረስ የሚኖረው ሰው ብዙው በጉልበቱ ያድራል። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ ቤተሰብ አለ እንበል።

የመጀመሪያው የፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛ ነው። የቅጥር ደብዳቤ አለው። አሠሪው እንዳያባርረው ሕጉ ይዞለታል።

ሁለተኛው መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚጠራ ጫኝና አውራጅ ነው። ያልተቀጠረ ሰው አይባረርም፤ ዝም ብሎ አይጠራም። ስለዚህ ሠራተኛ ማሰናበትን የሚከለክለው ሕግ እሱን አያውቀውም።

ሦስተኛዋ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ እህት ናት። ማንም አልከለከላትም፤ ደንበኛው ግን ቀረ።

አራተኛዋ ተመላላሽ ሆና ልብስ የምታጥብ እናት ናት። አሠሪዎቿ በሽታውን ፈርተው «ለጊዜው አትምጪ» አሏት። ልጆቿ ትምህርት ቤት የሚያገኙት የነበረው ምገባም በትምህርት ቤቱ መዘጋት ቀርቷል። ስለዚህ ገቢዋ በቀረበት ሳምንት የምታበላው አፍ ጨምሯል።

አራቱም የሰሙት ትእዛዝ አንድ ነው፤ የደረሰባቸው ግን አራት የተለያየ ነገር ነው። አከራያቸውም ቢሆን ሀብታም ላይሆን ይችላል፤ ከዚያች ኪራይ በቀር ጡረታ የሌላቸው አዛውንት ሊሆኑ ይችላሉ። እሳቸውን ደግሞ ማን ያግዛቸው? በዚያ ላይ መርካቶ ወርዶ ሥራ ለመፈለግ የታክሲው ዋጋ እጥፍ ነው። በየክልሉ በሕዝብ ትራንስፖርት ላይ የወጣው ገደብ ደግሞ እንደ አቃቂ ባለ ዳርቻ ሰፈር ለሚኖር፣ ገላንና ዱከም ተመላልሶ ለሚሠራ ሰው ሌላ ሸክም ነበር።

*መረብ ያለው ሰው እንዴት እንደዳነ*

«ችግር ሁሉንም እኩል ነካ» የሚባለው ትክክል አይደለም። ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን በ2011 መጨረሻና በ2012 መጨረሻ ጠይቀው ነበር። ብዙ ሰው ገቢዬ ቀነሰ ቢልም፣ በአማካይ ሲታይ የቤተሰቦቹ የምግብ ፍጆታ ብዙም ሳይወርድ ተገኝቷል። አልሐምዱሊላህ። ከተማው ሙሉ በሙሉ ስላልተዘጋ ገበያው ሠርቷል፤ ቁጠባ የነበረው ቁጠባውን በልቷል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ደግፎታል። አማካይ ግን አማካይ ነው። ቁጠባም ዘመድም የሌለውን ሰው በውስጡ ይሸፍነዋል።

በገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት ላይ የተደረገው ጥናት ይበልጥ ግልጽ ነው። ከወረርሽኙ በኋላ የምግብ ዋስትና ያጡ ቤተሰቦች ድርሻ በ11.7 መቶኛ ነጥብ ጨምሯል፤ በሴፍቲኔት ውስጥ ለታቀፉት ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ ነበር። በሽታው አንድ ነው፣ ክልከላውም አንድ ነው፣ ዓመቱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ስማቸው ከችግሩ በፊት መዝገብ ላይ መኖሩ ነው።

በከተማም ሴፍቲኔት አለን። በ2009 አካባቢ በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ የሚጠርጉትን፣ የአካባቢ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት የሚሠሩትን እናቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ወረርሽኙ ሲመጣ ሥራው ቢቋረጥም ክፍያ በቅድሚያ እንዲሰጣቸው ተደርጓል። ለምን ተቻለ? ስማቸውም የባንክ ደብተራቸውም ቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ነገር ግን ይህ መረብ የሚሠራው በወረዳ ነዋሪነት ነው። ትናንት ከወሎ ወይም ከስልጤ መጥቶ በደባልነት የሚኖር ወጣት፣ መታወቂያ የሌላት ተመላላሽ ሠራተኛ፣ መስጂድ ውስጥ እያደረ የሚቀራ ደረሳ በየትኛው ወረዳ መዝገብ ይገኛሉ?

*ሌሎች ሀገሮች ምን ያስተምሩናል?*

ሕንድ መጋቢት 15 ቀን 2012 ምሽት ላይ ሀገሪቱ በሙሉ እንደምትዘጋ ስታስታውቅ ለሕዝቡ የሰጠችው ጊዜ አራት ሰዓት ብቻ ነበር። በየከተማው የነበሩ የቀን ሠራተኞች ሥራም ማደሪያም አጥተው በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ በእግራቸው ወደ መንደራቸው ተጓዙ። ክልከላው ጥብቅ ነበር፤ መረቡ ግን ዘግይቶ መጣ።

ፓኪስታን በዚያው ሰሞን «ኢሕሳስ» በተባለው ፕሮግራሟ ለአንድ ቤተሰብ 12,000 ሩፒ ማደል ጀመረች፤ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤተሰብ ደረሰው። ሰው በስልኩ የመታወቂያ ቁጥሩን ይልካል፣ ከመንግሥት መዝገብ ጋር ይመሳከራል፣ መልስ ይመጣለታል። ቶጎ ትንሽ ሀገር ናት፤ ሀብታምም አይደለችም። ግን የምርጫ መዝገቧን ተጠቅማ፣ የቀን ሠራተኞች በተራ ስልክ ተመዝግበው ገንዘቡን በሞባይል የሚቀበሉበትን መንገድ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ዘረጋች። ለሴቶች የሚሰጠው መጠንም ከወንዶቹ ከፍ ያለ ነበር፤ የቤቱን ማጀት የምታውቀው እናት ናትና። ሁለቱም ሀገሮች ገንዘብ ቢያስፈልጋቸውም ፍጥነቱን ያመጣላቸው ቀድሞ የተዘጋጀው መዝገብ ነው።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ዕጣ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ገደማ ቤይሩት ውስጥ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ሻንጣቸውን ይዘው ከቆንስላችን በር ላይ ሲጣሉ ዓለም አይቷል። አሠሪዎቻቸው በኢኮኖሚው ቀውስና በወረርሽኙ ምክንያት መክፈል አንችልም ብለው አውርደዋቸው የሄዱ ነበሩ። በከፋላ ሥርዓት ሕጋዊነታቸው የተንጠለጠለው በአሠሪያቸው ላይ ስለሆነ፣ አሠሪው ሲተዋቸው ሀገሩም ተዋቸው። ከየሰፈራችን የሄዱ እህቶቻችን ናቸው። ያ ገንዘብ ሲቆም እዚህ ያለችው እናትም ጾሟን አደረች።

*ዑመር (ረ.ዐ) ያልመጡትንም አስቆጠሩ*

እኛ ይህን ከቶጎ ብቻ የምንማረው ሕዝብ አይደለንም። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሁለት ፈተና ተደራርቦባቸዋል፤ በሻም የዐምዋስ ወረርሽኝ፣ በሒጃዝ ደግሞ የረማዳ ድርቅ።

በወረርሽኙ ጊዜ ወደ ሻም እየተጓዙ ሳለ ሠርግ ከተባለው ቦታ ሲደርሱ ሰዎችን አማክረው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ነው ወይ የምትሸሸው ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱላቸው። በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት ሀገር መግባትን፣ ካለበትም ሸሽቶ መውጣትን የሚከለክለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ነገሯቸው። ይህን ታሪክ በ2012 ሁላችንም ደጋግመን ሰምተነዋል፤ ደጋግመንም አጋርተነዋል። ክልከላን የሚደግፍ ማስረጃ ነውና።

የረማዳውን ታሪክ ግን ስንቶቻችን አጋራነው? በድርቁ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) ለየአውራጃው ገዢዎች ጽፈው እህል በግመል አስጫኑ። ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ እሳቸው ቅቤ አልቀመሱም። ሰው በረሃብ ተገዶ ሲሰርቅ የሌባን ቅጣት አላስፈጸሙም። የዘካን መሰብሰብም ለተከታዩ ዓመት አዘገዩ። ኢብኑ ሰዕድ በ«ጠበቃት» የዘገቡት አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይደንቃል። ዑመር (ረ.ዐ) ማዕዳቸው ላይ ቀርበው የበሉትን ሰዎች አስቆጠሩ፤ 7,000 ያህል ሆኑ። በዚህ አላበቁም። ወደ ማዕዱ መምጣት ያልቻሉትን በሽተኞች፣ ሕፃናትና ቤተሰቦችም አስቆጠሩ፤ 40,000 ያህል ሆነው ተገኙ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለአንድ ለመጣ ሰው አምስት የሚበልጡ ያልመጡ ሰዎች ነበሩ። ማዕዱ ጋ የቆመ አስተናጋጅ የመጡትን ብቻ አይቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም በልቷል» ሊል ይችል ነበር። የሙስሊሞችን ስም የያዘውን ዲዋን የተባለ መዝገብ ያቋቋሙትም እኚሁ ዑመር (ረ.ዐ) ናቸው። እንግዲህ ከሱና ክልከላውን ብቻ ወስደን ቆጠራውንና ማብላቱን ከተውን፣ ግማሹን ነው የያዝነው።

*የማይለምነው ድሃ*

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ውስጥ ከጨዋነታቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚመስሉት፣ ሰውን ችክ ብለው የማይለምኑ ድሆች መኖራቸውን ይነግረናል። የወረርሽኝ ዘመን ድሃ በትክክል ይህ ነው። ትናንት ሠርቶ የሚያድር፣ ምናልባትም ጁሙዓ ዕለት በር ላይ ላለው አምስት ብር ጥሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ዛሬ ሥራው ሲቆም በር ላይ ወጥቶ አይቀመጥም። ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። መስጂድ በር ላይ የምንሰጠው ሰደቃ የሚደርሰው ለሚለምነው ነው፤ ለዚህኛው ሰው የሚደርሰው ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት ሲኖር ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ደኅንነት በዱቄት ብቻ አይለካም። ያኔ ቤታቸው ሆነው ማንም ያልደወለላቸው አረጋውያን ነበሩ። ዘመድ ሞቶባቸው እንደ ወጉ ለቅሶ ያልተደረሰላቸው ነበሩ። የእድሩ ድንኳን አልተተከለም፤ ለጀናዛው የሚወጣው ሰውም በቁጥር ነበር። መዝገብ ቢኖር ኖሮ «ዛሬ ለማን እንደውል?» የሚለው ጥያቄም መልስ ያገኝ ነበር።

*ታዲያ ምን እናድርግ?*

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መስጂድ መዝገብ ይኑረው። ብዙ ነገር አያስፈልገውም፦ ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ ተከራይ ነው ወይስ አይደለም፣ በቤቱ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ። መዝገቡን የሚይዙት በኢማሙ የታመኑ ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዷ እህት ትሁን። የሴቶችን ችግር ሴት ካልጠየቀች ብዙው አይወጣም።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ አማና ነው። አንድ ሰው ዘይት ሲቀበል ፎቶ አንስቶ ገጽ ላይ መለጠፍ ይቁም። ሰጪው ሪፖርት ከፈለገ ቁጥር ይሰጠው፤ የሰው ፊት ግን አይሰጠው። ፎቶውን የፈራ ችግረኛ ለመመዝገብ አይመጣም።

ሦስተኛ፣ መስጠት ለረመዷን ብቻ አይሁን። ደመወዝተኛ ወጣት በየወሩ 50 ብር ቢያስቀምጥ ለሰደቃ ሳጥን መነሻ ይሆናል። ዘካ የደረሰበት ሰውም ኒሷቡ ከሞላ ዓመቱ ሳይደርስ ቀድሞ ማውጣት እንደሚችል አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ፤ ለዚህም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአጎታቸው ለዐባስ (ረ.ዐ) መፍቀዳቸውን በማስረጃነት ይጠቅሳሉ። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። ዘካ የሚሰጥባቸው ስምንት ወገኖች የታወቁ ናቸው። ሰደቃው ግን ከዚህ ይሰፋል፤ ሙስሊም ያልሆነው የግቢ ጎረቤታችንም ሐቅ አለው። አቃቂ ውስጥ በአንድ አጥር ስንኖር ረሃቡም አንድ አጥር ውስጥ ነው።

አራተኛ፣ ሰውን ከመንግሥቱ መረብ ጋር እናገናኝ። መታወቂያ ለማውጣት፣ በሴፍቲኔት ምልመላ ጊዜ ለመመዝገብ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለመታቀፍ ወረዳ ድረስ አብሮ የሚሄድና ቅጹን የሚሞላ የተማረ ወጣት ከብር በላይ ይጠቅማል። ይህ ሥራ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ሁሉ የሚችለው ሰደቃ ነው።

አምስተኛ፣ በሩ ቢዘጋ ምን እንደምናደርግ ዛሬ እንወስን። ማን በየትኛው ሰፈር ያደርሳል? ማን ይደውላል? በ2012 ያልነበረው ቴሌብር ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ አለ። መስጂድ ሳይከፈት መሰብሰብም ማድረስም ይቻላል፤ ለማን እንደሚላክ ከታወቀ።

*«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው»*

የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የመንግሥትም ሥራ ነው፤ እንጠይቀውም። የመንግሥት መረብ ግን ወረቀት ያለውን ነው ቀድሞ የሚይዘው። ወረቀት የሌለውን የሚያውቀው አብሮት የሚሰግደው ነው። «መጅሊሱ ይሥራው» የሚልም አለ። መጅሊሱ መመሪያና ሥርዓት ሊያወጣ ይችላል፤ በበሰቃ ጀርባ ያለችውን የአንዲት እናት በር የሚያንኳኳው ግን የሰፈሯ ልጅ ነው። «ሪዝቅ ከአላህ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ያለ ጥርጥር ከአላህ ነው። ግመሉን አስሮ መመካት የታዘዘ ኡማ ግን ጎረቤቱን ሳይቆጥር ተወኩል አለኝ ማለት አይችልም።

ይህ ያለፈ ወሬ አይደለም። ኤምፖክስ በ2017 ሀገራችን ገብቷል፤ በኅዳር 2018 ደግሞ ማርበርግ ጂንካ ላይ ተከስቷል። አላህ ይጠብቀን እንጂ ነገ በራችን ምን እንደሚያንኳኳ አናውቅም። ከመጪው ጁሙዓ ሶላት በኋላ ሦስት አራት ሆናችሁ ኢማማችሁን አማክሩ፤ አንድ ደብተር ግዙ፤ የራሳችሁን ግቢ ስም በመጻፍ ጀምሩ።

አላህ (ሱ.ወ) ያልመጡትንም ከሚቆጥሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።